ጥቁር ገጽ ወይስ ነጭ ገጽ? የኮምፒዩተር ስክሪን ታሪክ ለንባብ የሚሰጠው ትምህርት

የመምህርና የተማሪ ዓይን ሁለት ዓይነት ገጾችን ለምዷል። በብራናና በመጽሐፍ ላይ ጥቁር ፊደል ነጣ ባለ ገጽ ይነበባል፤ በሰሌዳ ላይ ደግሞ ነጭ የጠመኔ ጽሕፈት በጥቁር ገጽ ይነበባል። የኮምፒዩተር ስክሪንም በአጭር ዕድሜው በእነዚሁ ሁለት መልኮች መካከል ሲመላለስ ቆይቷል።

የመጀመሪያዎቹ ስክሪኖች ጥቁር የሆኑት በዋነኛነት ለዓይን ታስቦ ሳይሆን በመሣሪያው ጠባይ ምክንያት ነበር። በካቶድ ጨረር ቱቦ ውስጥ ብርሃን የሚሰጠው በኤሌክትሮን የተመታው የፎስፎር ነጥብ ብቻ ነው። ፊደሉን ብቻ ማብራት ቀላል ሲሆን፣ ገጹን በሙሉ ማብራት ግን የብርሃኑን መርገብገብ ያጎላ ነበር። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው 3270 ተርሚናል ላይ አረንጓዴ ፊደል በጥቁር ገጽ የታየውም በዚሁ ዘመን ነው።

የዜሮክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 የሠሩት አልቶ ግን ወረቀትን በመምሰል ጥቁር ፊደልን በነጭ ገጽ አሳየ። የአፕል ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1984 ይህንኑ መልክ ለብዙኃን አደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አፕልና ጉግል ጥቁሩን ገጽ ለስልኮቻቸው በአማራጭነት መለሱት።

የምርምር ውጤቶች በአብዛኛው ወደ ነጩ ገጽ ያደላሉ። በጀርመን የዱስልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ወጣቶችም ሆኑ አረጋውያን ጥቁር ፊደልን በነጭ ገጽ ላይ የተሻለ ለይተዋል። ምክንያት ሆኖ የሚቀርበው ብሩህ ገጽ የዓይንን ብሌን ስለሚያጠብ ምስሉ ጥራት ማግኘቱ ነው። ከዚህም በላይ የመስኮት ብርሃን በጥቁር ስክሪን ላይ ጎልቶ ስለሚንጸባረቅ፣ ቀን በሚያስተምር ክፍል ውስጥ ችግሩ ይብሳል።

ይሁን እንጂ ይህ ውጤት ለሁሉም ዓይን የሚሠራ ሕግ አይደለም። በአሜሪካ ጎርደን ሌጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት እንደታየው፣ እንደ ሞራ ባለ ደመና ዓይናቸው የተጋረደ ሰዎች ነጭ ፊደልን በጥቁር ገጽ ሲያነቡ ይፈጥናሉ፤ ብሩህ ገጽ በዓይናቸው ውስጥ ብርሃን ስለሚበትን ነው።

እንግዲህ ለትምህርት ቤት ስክሪን የሚመርጥ ዕቅድ አውጪ ነጩን ገጽ መነሻ ቢያደርግ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምርጫውን ቆልፎ ለሁሉም አንድ ዓይነት ገጽ የሚደነግግ ከሆነ፣ ማንበብ እየቻለ የማይችል የሚመስል ተማሪ ያፈራል።