ከጕድጓዱ በታች የቆመው ዘፋኝ

ወጣቶች ሆይ፤ ሰው የራሱን ጥፋት ደብቆ ሌላውን ቢመክር ምክሩ ከጆሮ አልፎ ወደ ልብ አይደርስም። ስለዚህ ስለ ኅብረት ከመናገሬ አስቀድሞ እኔው ራሴ ኅብረትን ያፈረስሁበትን ቀን እነግራችኋለሁ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የኪነት ቡድን ይቋቋም ነበር። እኔም ያን ጊዜ በነገሌ ቦረና በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርሁና፥ መሥሪያ ቤቶች ለበዓል ለሚያደርጉት የኅብረት መዝሙር ውድድር ዘፋኞች እንድመርጥ ታዘዝሁ። ከቦረና ቆላ የመጡት ሽማግሌ ዘበኛችን «ልጄ፥ እኔም ድምፅ አለኝ» ብለው ስማቸውን አስመዘገቡ። እኔ ግን አማርኛቸው ይሰበራል፥ ልብሳቸውም ከእኛ ጋር አይመሳሰልም ብዬ ስማቸውን ሰረዝሁት። በአፌ አንቱ እያልሁ በብዕሬ ናቅኋቸው። ልንዘፍነው ያጠናነው መዝሙር ስለ እኩልነት የሚናገር መሆኑን በዚያ ሰዓት ልብ አላልሁትም።

የውድድሩ ቀን ሲደርስ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ድምፅ ለማሰማት ጮኽን፤ አንዱ ሲቀድም ሌላው ሲዘገይ መዝሙሩ ተበታተነ፤ መጨረሻም ወጣን።

ከጥቂት ወራት በኋላ በሥራ ምክንያት ከያቤሎ በስተ ደቡብ ወዳለችው ወደ ዱብሉቅ ወረድሁ። ቦረናዎች «ቱላ ሰግላን»፥ ማለት ዘጠኙ ቱላዎች፥ ብለው ከሚጠሯቸው ጥንታዊ የጕድጓድ ስፍራዎች አንዱ በዚያ ይገኛል። ጕድጓዶቹ በሰው እጅ የተቆፈሩ ሲሆኑ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። በበጋ ሰዎቹ ከውኃው አንሥቶ እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ የሞላው መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል፥ ባዶውም ይወርዳል። ከብቶቹም የሚጠጡት «አባ ሄሬጋ» የተባለው የተራ አስከባሪ በሚያዘው ተራ ነው።

ይህ ሁሉ የሚደረገው በዘፈን ነው። አንዱ ያወጣል፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ እጅም የዘፈኑን ምት ይከተላል። ከምቱ የቀደመ ውኃውን ያፈሳል፥ የዘገየም እንዲሁ። ዳኛው በገንዳው አፍ የቆመው የተጠማ ከብት ነው። ወደ ጨለማው ቍልቍል ስመለከት፥ ከሁሉ በታች በጭቃ ውስጥ የቆመው ሰው ካልቀዳ ከላይ ያለው የሚያቀብለው አንዳች ነገር እንደሌለ ገባኝ። የሰረዝሁት ስምም ትዝ አለኝ።

ከዚህም ጋር የነገሌ የራሷ ታሪክ ትዝ አለኝ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በከተማዪቱ የሰፈሩት የ4ኛው ብርጌድ ወታደሮች አመፁ። ምግባቸው የከፋ ነበር፤ የውኃ ፓምፓቸውም ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጕድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲመረምሩ የላኳቸውንም ጄኔራል ይዘው ከዚያው ምግባቸው አበሏቸው። የአመፁ ወሬ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በእርግጥ ለዚያ ለውጥ ብዙ ሌላ ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያዎቹ ብልጭታዎች አንዱ በነገሌ የተከለከለ ውኃ ነበር። እኔም ከዚያ አመፅ በኋላ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ፥ በዚያችው ከተማ የእኩልነት መዝሙር በእጄ ይዤ፥ የታችኛውን ሰው ከተራው አስወጣሁ። መንግሥት ሲለወጥ ልብ አብሮ አይለወጥም ማለት ይህ ነው።

ወደ ነገሌ ተመልሼ «አባቴ፥ በድየዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፥ ውኃው ፈሰሰ እንጂ ጕድጓዱ አልደረቀም» ሲሉ መለሱልኝ። በሚቀጥለው ውድድር እርሳቸው አወጡ፥ እኛም ተቀበልን። አንደኛ አልወጣንም፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርሳችን ተሰማማን።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን አንዱ ክር ቀጭን ነው ተብሎ ከተጣለ አንበሳውን የሚያስር ድር ከየት ይመጣል? እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ቦታ ስለ አንድነት ለመዘመር በምትሰለፉበት ቀን፥ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት የስም ዝርዝሩን ተመልከቱ። የተሰረዘ ስም ካለበት መዝሙሩን አቆዩት፤ አስቀድማችሁ ሰውዬውን ጥሩት።