ስለ ባዜቃ ሚሊ ሜትር፤ የአንድ የግፊት መለኪያ ስም ታሪክ

ገፋ ከሚለው ግስ የተገኘው ‹ግፊት› በተራ ንግግር አንድን ነገር ከስፍራው ማንቀሳቀስን ያመለክታል። በሳይንስ ግን ነገሩ ቢንቀሳቀስም ባይንቀሳቀስም በአንድ የታወቀ ስፋት ላይ የሚያርፈው ኃይል ግፊት ይባላል። ቃሉ በዚህ ፍቺው ከተለመደ ስለ ቆየ ብዙ አያከራክርም። የሚያከራክረው የመለኪያዎቹ ስም ነው። የደም ግፊቱን የተለካ ሰው ‹መቶ ሃያ በሰማንያ› ይባላል፤ የምን መቶ ሃያ እንደ ሆነ ግን አይነገረውም። ተርጓሚውም ‹120 ሚሊ ሜትር› ብሎ ሲያልፈው ግፊት የነበረው ርዝመት ሆኖ ይቀራል። የተዘለለው ቃል ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1644 ኢጣሊያዊው ኤቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ ለወዳጁ ለሚኬላንጄሎ ሪቺ አንድ ሙከራ በደብዳቤ ገለጸለት። በአንድ ወገን የተደፈነ ረጅም የብርጭቆ ቱቦ ባዜቃ ይሞላል፤ ከዚያም አፉ በጣት ተይዞ ባዜቃ ባለበት ሳሕን ውስጥ ይገለበጣል። ጣት ሲነሣ ፈሳሹ በሙሉ አይወርድም፤ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይቆማል። ደግፎ የያዘው በሳሕኑ ላይ የሚጫነው የውጭው አየር ክብደት ነው። ባዜቃ ከውሃ 13.6 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ ይኸው አየር ውሃን ቢሆን 10 ሜትር ገደማ ባቆመ ነበር። እንግዲህ የፈሳሹ ስም ካልተነገረ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም።

በ1648 ብሌዝ ፓስካል የእኅቱን ባል ፍሎረን ፔሪዬን ፒዩ ደ ዶም ወደተባለው የፈረንሳይ ተራራ እንዲወጣ አደረገ፤ በጫፉ ላይ ባዜቃው ከግርጌው ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባማ ከፍታው ወደ 57 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ በ1954 በ101,325 ፓስካል የተወሰነውን ‹አትሞስፌር› የተባለ መለኪያ ‹የአየር ግፊት› ብሎ መተርጐም ያሳስታል። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት አንድ አትሞስፌር አይሞላምና።

ባዜቃ ወደ ሐኪም ቤት የገባው በ1896 የቶሪኖው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫሮቺ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ ባቀረበ ጊዜ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በድምፅ ለይቶ ማዳመጥን የጨመረው ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ነው፤ ዘመኑም 1905። በ1971 ዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ጉባኤ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ ለሚያርፍ የአንድ ኒውተን ኃይል ‹ፓስካል› የሚለውን ስም አጸደቀ። አንድ የባዜቃ ሚሊ ሜትር 133.3 ፓስካል ያህል ስለሆነ 120ው ወደ 16 ኪሎ ፓስካል ይመጣል። ሐኪሞች ግን በአብዛኛው አሮጌውን መለኪያ አልተዉም፤ መሣሪያው ውስጥ ባዜቃ የለም፣ በስሙ ውስጥ ግን አለ። ስም ከዕቃው በላይ ዕድሜ ማግኘቱ ለቋንቋ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ጎሚስታው ‹ሠላሳ ልሙላ?› ሲል በአንድ ኢንች ካሬ ላይ የሚያርፈውን ፓውንድ ማለቱ ነው፤ በባር ሲመነዘር 2.07 ገደማ ይሆናል፤ አንድ ባር 100,000 ፓስካል ነውና። ሆኖም መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ዜሮ ሲያነብም ጎማው ውስጥ ከውጭው ጋር እኩል የሆነ አየር አለ። የውጭውን ጨምሮ ለሚቆጠረው ‹ፍጹም ግፊት›፣ ከውጭው በላይ ላለው ‹ትርፍ ግፊት› ቢባል ይስማማል እንላለን። ‹አንጻራዊ ግፊት› የሚለው ከምን አንጻር እንደሚለካ ስለማይናገር አልመረጥነውም።