«ማን ላከው?»

አንድ ወረቀት በበሩ ስር ይሾልካል፤ «ለእከሌ የግቢውን ቁልፍ ስጡት» ይላል። ዘበኛው «ማን ነው የላከው?» ብሎ ይጣራል። ላኪው እግሬ አውጪኝ ብሏል፤ መልስ የለም። ዘበኛችንም «መልስ ከጠፋማ ጌታዬ ይሆናሉ» ብሎ ቁልፉን ይሰጣል። ሊኑክስ እንዲህ ያለ ዘበኛ ቀጥሮ ሰባት ዓመት ያህል አኑሮታል።

ነገሩ ከዩኒክስ ይጀምራል። እዚያ «ሩት» የሚባለው ተጠቃሚ ቁጥሩ 0 ነው፤ ይሾማል፣ ይሽራል። ተራው ተጠቃሚ የይለፍ ቃሉን ለመቀየር እንኳ የሩትን ሥልጣን መዋስ ነበረበት። የቤል ላብሱ ዴኒስ ሪቺ መላ ዘየደ፤ አንዳንድ ፕሮግራም ማንም ቢያስነሳው በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1979 የፈጠራ መብት አገኘበት። ጣጣው፣ ሥልጣን የተዋሰ ፕሮግራም ሲሳሳት ስህተቱም የሩት ይሆናል።

ፖልኪት ይህን ጣጣ ለመቀነስ የመጣ ነው፤ ሌሎች ፕሮግራሞች «ይፈቀድለት?» እያሉ የሚጠይቁት ዘበኛ።

እ.ኤ.አ. በጁን 2021 የጊትሃቡ ኬቨን ባክሃውስ ጉዱን አወጣው። ተራ ተጠቃሚ «አዲስ የአስተዳዳሪ አካውንት ክፈት» የሚል መልእክት ይልካል፤ ጥቂት ሚሊሰከንድ ቆይቶ መልእክቱን የላከውን ፕሮግራም ይገድለዋል። ፖልኪት መልእክት አመላላሹን «የላኪው ቁጥር ስንት ነው?» ይለዋል። አመላላሹ በሐቅ «እንዲህ ያለ ላኪ የለም» ብሎ የስህተት መልስ ይሰጣል። ፖልኪት ግን በአንዱ የኮዱ መንገድ ላይ ይህን ስህተት በወጉ ስላላየው ላኪውን 0 አድርጎ ቆጠረው። 0 ደግሞ ሩት ነው! (እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር ስልክ የዘጋ ምንጭ ሚኒስትር ነው ያለን የለም።)

ሰዓቱ ካልገጠመ አይሳካም፤ ደጋግሞ መሞከርን ግን የሚከለክል አልነበረም። ኡቡንቱ 20.04 እና ሬድ ሃት 8 ተጋላጭ ነበሩ። ኡቡንቱ 18.04 አሮጌ ፖልኪት ይዞ ስለቆየ ተረፈ፤ ስንፍናም አንዳንዴ ይጠቅማል።

«ሌባው አስቀድሞ ውስጥ መግባት አለበትና ምን ያስፈራል?» የሚሉ አይጠፉም። አንድ ሰርቨር ለመቶ ተማሪ በሚጋራበት ዩኒቨርሲቲ ግን ሁሉም ውስጥ ነው፤ የአንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሌላው ፋይል ጎን ተቀምጧል።

በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ኳሊስ የተባለው ኩባንያ በዚያው በፖልኪት ውስጥ ሌላ ቀዳዳ ይፋ አደረገ። ይኼኛው ከ2009 ጀምሮ የነበረ ነው። አንድ ፕሮግራመር በ2013 እንግዳነቱን አይቶ ጽፎበት ነበር፤ ለጥቃት የሚውልበት መንገድ ስላልታየው ኮዱ እንዳለ ቀጠለ።