ጉልበት ለምን ያረጃል?

እኛ አምባሰል ያደግን ሰዎች ጉልበትን የምንለካው በዳገት ነው። መስከረም 21 ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ይህን ያውቃል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባቀኑት በሐይቅ እስጢፋኖስም ሌሊቱን ቆሞ ለሚያድር መነኩሴ መቋሚያው ሌላ እግሩ ነው።

ታዲያ ጉልበት ሲታመም በእኛ ዘንድ የሚሰጠው ምክንያት ሦስት ነው፤ ብርድ፣ ሸክም፣ እርጅና። አያቴም ጉልበቷን እያሸች «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ትላለች። ወሬው እዚያው ያልቃል። እኔ ግን እንዲያልቅ አልፈልግም፤ እርጅና ራሱ ታሪክ አለው።

እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ፈረንሳዊው ሐኪም አሌክሲስ ካሬል ከዶሮ ልብ የወሰዳቸው ሕዋሳት በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ማለቂያ በሌለው ሁኔታ እንደሚባዙ ተናገረ። ብዙ ሳይንቲስቶችም ሕዋስ ለብቻው ከተያዘ አያረጅም ብለው ለዓመታት አመኑ። በ1961 ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ ይህን ገለበጡት፤ የሰው ሕዋስ 50 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ ያቆማል። ወዲያው አይሞትም፣ መባዛቱን ነው የሚያቆመው።

በኋላ እንደታወቀው ይህ ያረጀ ሕዋስ ዝም ብሎም አይቀመጥም። ሥራ ፈትቶ ሰፈር እንደሚበጠብጥ ጎረቤት ነው፤ ብግነት የሚቀሰቅሱና ልም አጥንትን የሚበሉ ፕሮቲኖችን ይረጫል። ልም አጥንት ደግሞ የደም ሥር ስለሌለው ጉዳቱን በቀላሉ አይጠግንም።

የወፈረ ሰው ጉልበቱን ቢያመው አይገርምም፣ ክብደቱ ነው እንላለን። ግን እኮ የእጅ ጣቶቹም ይታመማሉ! በጣቱ የሚሄድ ማን አለ? ተመራማሪዎች ከሸክም አልፈው ወደ ደም እንዲመለከቱ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በደም የበዛ ስኳር የልም አጥንትን ልስላሴ ይቀንሳል። ስብም ብግነት ቀስቃሽ ኬሚካሎችን ያመነጫል። ሁለቱም ሕዋስን ያለ ዕድሜው ሊያስረጁ ይችላሉ።

በ2017 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ጉልበታቸው በተጎዳ አይጦች ላይ ያረጁትን ሕዋሳት በመድኃኒት አስወግደው ሕመሙ ሲቀንስ አዩ። ብዙዎች ጓጉ። በ2020 ግን በሰው ጉልበት ላይ የተሞከረው ዩቢኤክስ 0101 ከማስመሰያ መርፌ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም።

ስለዚህ እርጅናን ከጉልበት ነቅሎ የሚያወጣ መርፌ ገና የለም። በእጃችን ያለው ተራ ነገር ነው፤ ስኳርን መለካት፣ ክብደትን መቆጣጠር፣ መንቀሳቀስ። የአምባሰል ገበሬ የመጨረሻውን ማንም ሳይነግረው ኖሮበታል። የጎደለው ደሴ ወይም አዲስ አበባ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውለው ልጁ ነው። እንግዲህ ቤታችሁ «እርጅና ነው» የሚል ሰው ካለ፣ ስኳሩን መቼ እንደተለካ ጠይቁት። ወንበር ላይ የምትውሉት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ጥያቄው ለእናንተም ነው።