«ክሊራንስ»፦ የጥገና ክፍተት

«ክሊራንስ» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ወረቀት ነው፤ ሥራ የለቀቀ ወይም ትምህርት የጨረሰ ሰው ከቢሮ ቢሮ እየዞረ የሚያስፈርመው። ዱባይ፣ አል ሪጋ ውስጥ የኪችን ካቢኔት ከሚገጥም አናጺ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሆን ተብሎ፣ ተለክቶ ባዶ የሚተው ቦታ። በአማርኛ «የጥገና ክፍተት» ብንለው ያስኬዳል። «ክፍተት» ብቻውን አይበቃም፤ ካቢኔት ላይ ክፍተት ከታየ የአናጺው ጥፋት ነው ተብሎ በሲሊኮን ይደፈናላ።

ዴራ ውስጥ፣ በአል ሪጋ ሜትሮ ጣቢያ ዙሪያ ባሉ የቆዩ ሕንፃዎች ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ቤቱን ደግሞ ብዙ ሰው ይጋራዋል። እንጀራውም በርበሬውም የየራሱን መደርደሪያ ስለሚፈልግ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካቢኔት የግድ ይሆናል። ችግሩ ግድግዳውን ቀድሞ የያዘው አለ። ሕንዶቹ ጊዘር፣ ዐረቦቹ ሰኻን የሚሉት የእኛው ቦይለር ነው። ቦይለሩ መታጠቢያ ቤት ኮርኒስ ውስጥ ከሆነ ተገላገሉ። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ከሆነ ግን አናጺው መጀመሪያ የሚያደርገው ታንኩን ለክቶ ልክ በልኩ ሣጥን መሥራት ነው። ለዓይን ያምራል፤ ስሕተቱ ግን እዚያው ይጀምራል።

መለካት ያለበት ታንኩ ብቻ ሳይሆን ከታንኩ የሚወጣውም ነው። ቀጥ ብሎ በሚሰቀል ቦይለር ረዚስታንሱ፣ ቴርሞስታቱና ታንኩን ከዝገት እየጠበቀ ራሱ የሚያልቀው የማግኒዚየም ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቱት ከታች ነው። የሚወጡትም ሳይታጠፉ፣ ቀጥ ብለው ወደ ታች ነው። ስለዚህ ከሥር የሚተወው ክፍተት ከሁሉ ከረዘመው ማነስ የለበትም፤ የባለሙያው እጅና የቧንቧ ቁልፍም ቦታ ይፈልጋሉ። ይህ ካልተተወ ረዚስታንሱ የተቃጠለ ቀን ወይ ካቢኔቱ ይፈርሳል ወይ ሙሉው ቦይለር ይወርዳል። ባለ 50 ሊትሩ፣ ታንኩን ሳይጨምር ውሃው ብቻ 50 ኪሎ ነው። በዚሁ ምክንያት ቦይለሩ በራሱ ብሎን ከደህና ግድግዳ ጋር ይታሰር እንጂ ካቢኔቱ አይሸከመው።

ሴፍቲ ቫልቩም አለ። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ይጨምራል። የማስገቢያው ቧንቧ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከተዘጋ ትርፉ የሚወጣው በዚህ ቫልቭ ነው፤ ስለዚህ መንጠባጠቡ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ቫልቩን በችፑድ አፍኖ መዝጋት ግን ብልሽት ይጋብዛል፤ ችፑድ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ካበጠም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ጠብታውን በቱቦ ወደ ፍሳሽ መውሰድ ነው። ቦይለሩን መደበቅ የፈለገ ወለልና ጀርባ የሌለው፣ በር ብቻ ያለው ሽፋን ያሠራ።

ዱባይ የኖረ ሰው የቦይለሩን ማብሪያ ማጥፊያ እንዳይሸፍን መንገር አያስፈልግም። በበጋ የጣሪያው ታንከር በፀሐይ ስለሚግል ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚመጣው ያቃጥላል። ሰዉ ቦይለሩን ያጠፋና ቤት ውስጥ የበረደውን ውሃ በሙቁ ቧንቧ ይቀዳል። ይህች ዘዴ የምትሠራው ማጥፊያው ላይ እጅ ሲደርስ ነው፤ አደጋ ቢፈጠርም የምትሮጡት ወደዚያው ነው።

ወደ ሶኬቱ ስንመጣ፣ ካቢኔቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሶኬት ካለ የካቢኔቱ ጀርባ ተቆርጦ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ካልሆነም ሶኬቱ ይነሣ። ከእንጨት ጀርባ አፍኖ ማለፍ አይሆንም። ለፊሸር ሲበሳም ከሶኬቱ ትክክል ወደ ላይና ወደ ጎን ያለውን መስመር ራቁት፤ ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በዚያ ነው።

ካታሎጎቹ የማያውቁት የእኛ ጣጣ ደግሞ አለ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ። እዚህ ያለው የእንግሊዙ ባለ ሦስት እግር ሶኬት 13 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት 2,990 ዋት ማለት ነው። ምጣዱ ግን በተለምዶ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ከአዲስ አበባ የመጣውን ክብ እግር መሰኪያ በአዳፕተር ሰክቶ መጋገር፣ ለዚያውም ሶኬቱ ካቢኔት ውስጥ ተደብቆ ሙቀቱን ማንም ሳያይ፣ እሳት መጥራት ነው። ለምጣድ የራሱ ብሬከር ያለው የራሱ መስመር ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሻን ይዘርጋለት። ካቢኔት ከበላዩ አይሰቀል፤ አክንባሎው በተነሣ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ቀጥታ የካቢኔቱን የታች ጠርዝ ያገኘዋል። ለዚህ ለዚህ «ክፍተት» ማለት አይበቃም፤ «ርቀት» ይሻላል።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራይ ይጠየቅ። የዱባይ የ2007 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ቁጥር 26 አንቀጽ 19 ተከራይ ያለ አከራዩ ፈቃድና ያለ አስፈላጊው የመንግሥት ፈቃድ ቤቱ ላይ ለውጥ እንዳያደርግ ይከለክላል።

አናጺው ንድፉን ሲያሳያችሁ የቦይለሩን ማኑዋል አቅርቡለትና ከሥሩ፣ ከፊቱና ከጎኑ የሚተወውን የጥገና ክፍተት በሴንቲ ሜትር ወረቀቱ ላይ ያስፍርላችሁ። ቁጥሩ ካልተጻፈ ቀብድ አትስጡ።