ከንጉሥ ስጦታ እስከ ወጪ መጋራት፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና ድጋፉ

አዲስ ገቢ ተማሪ በተጠራ ቁጥር የሚወጣው ማስታወቂያ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዛችሁ ቅረቡ ይላል። ከወሎ ወይም ከጋሞ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚመጣው ልጅ ግን ሌላም ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ብር ቢያልቅብኝ ማን ጋ እሄዳለሁ? ትምህርቱ ቢከብደኝ ማን ያግዘኛል? የውጭ ትምህርት ዕድል ቢመጣ ማን ይነግረኛል? ዩኒቨርሲቲው ለእነዚህ ጥያቄዎች ከሰባ ዓመት በላይ በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሲሰጥ ኖሯል። መልሶቹን ተራ በተራ ላያቸው ሰው ድጋፉ ከተማሪው የመናገር መብት ተነጥሎ አያውቅም።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት አገሪቱ የተማረ ሰው ጠፍቶባት ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት ተምረው የተመለሱት ጥቂት ወጣቶች ብዙዎቹ በ1929 ዓ.ም. በየካቲቱ ጭፍጨፋና ከዚያ በኋላ በተካሄደው አደን አልቀዋል። ስለዚህ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲን ማት የሚመራው አዲሱ ኮሌጅ ተማሪውን በነጻ ያስተምር፣ ያበላና ያሳድር ነበር። የተመረቀም ሥራ ፍለጋ አይንከራተትም፤ ሚኒስቴሮቹ ይጠብቁታል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እየመጡ ይጎበኙት ስለነበር ተማሪው ድጋፉን የሚያውቀው እንደ ንጉሥ ስጦታ እንጂ እንደ ዜጋ መብት አልነበረም።

ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ነገሩ መልኩን ቀየረ። መንግሥት ለአፍሪካውያን በሰጠው የትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች መጡ። ነጻነታቸውን ለማግኘት ከሚታገሉ አገሮች የመጡት እነዚህ ልጆች ስለ ፓርቲ፣ ስለ ማኅበርና ስለ ሰልፍ በግልጽ ማውራት የለመዱ ነበሩ። ከእነሱ ጋር አንድ መኝታ ቤት ያደረው ኢትዮጵያዊ ተማሪ የሰማው ወሬ ከየትኛውም ጋዜጣ የበለጠ ለውጦታል ብዬ አምናለሁ። በኮሌጅ ቀን በዓል የሚነበበው ግጥምም ከውዳሴ ወደ ብሶት ዞረ፤ የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የዚያ ዘመን ምልክት ነው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ተማሪው ለለውጥ ፈላጊዎቹ ሰልፍ ወጣ። ሙከራው ከከሸፈ በኋላ ንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ላይ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ ግን የአዳሪነቱ ሥርዓት ቀረና ተማሪው በየሰፈሩ ቤት ተከራይቶ መማር ጀመረ። ተማሪን በትኖ ማኖር ያበርደዋል ተብሎ ከነበረ ስሌቱ አልሠራም። የከተማውን ድሃ ጎረቤቱ ያደረገ ተማሪ ይብሱን ነደደ።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ወደ ገጠር ወሰደው። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ይገደድ ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ትውልድ የጭሰኛውን ኑሮ በዓይኑ እያየ መጣ ማለት ነው። የተማሪው ጋዜጣ «ታገል»ም የዘመኑ ትልቁ የክርክር መድረክ ሆነ፤ ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ በኅዳር 1962 ዓ.ም. የወጣው እዚያ ላይ ነው። በቀጣዩ ወር የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግሥቱም አስከሬኑን ይዘው ስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ። ትምህርትን፣ እንጀራንና መኝታን የሰጠው መንግሥት ንግግርን ሊሰጥ አልቻለም።

የደርግን ዘመን ባጭሩ ልለፈው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣና የዚያን ትውልድ ምርጥ ልጆች በላ። በ1971 ዓ.ም. የድህረ ምረቃ ትምህርት መጀመሩና ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ የተከፈተው የትምህርት ዕድል የዘመኑ በጎ ጎን ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በጣት ከሚቆጠሩት ተነሥተው ዛሬ ከ40 በላይ ደርሰዋል፤ ይህ ለድሃ ልጅ የተከፈተ ትልቅ በር ነው። ግቢው ግን አልተረጋጋም። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ተማሪዎቹ ታጣቂ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ማኅበራችን ይመለስልን፣ ጋዜጣችን ይታተም ብለው ተነሡ። ጥያቄው ይኸው ነበር። መልሱ ግን የሰው ሕይወት ያለፈበት ግጭትና የጅምላ እስር ሆነ።

ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ወጪ መጋራት መጣ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ሊከፍል ውል ይፈርማል። ሐሳቡን አልቃወምም፤ ዩኒቨርሲቲ ያልደረሰው ገበሬ ግብር እየከፈለ የተመራቂን ወጪ ብቻውን መሸከም የለበትም። የሚያሳስበኝ የ18 ዓመት ልጅ በምዝገባ ግርግር መሃል የሚፈርመው ወረቀት ነው። ብዙዎቹ የዕዳውን ትርጉም የሚረዱት ተመርቀው ዋናውን ዲግሪ ሲጠይቁና መጀመሪያ ክፈሉ ሲባሉ ነው።

የዕለት ኑሮው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው የምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር፤ ከዚያ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ያ ገንዘብ ቁርስን፣ ምሳንና ራትን ይሸፍናል ተብሎ የሚታሰብ ነው። ካፌ አልበላም ያለ ተማሪ ይህንኑ በጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ከግቢው ውጭ ይበላበታል፤ በስድስት ኪሎ ሽሮ ቤቶች ዋጋ ስንት ቀን እንደሚያዘልቀው የበላበት ያውቀዋል።

ክፍተቱን ዘወትር የሞሉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ነባሮቹ መናኸሪያ ወርደው አዲሶቹን ይቀበላሉ፣ ሻንጣቸውን ይሸከማሉ፣ ዶርማቸውን ያሳያሉ። ማየት ለተሳነው ጓደኛቸው ሞጁል የሚያነቡ፣ በድምፅ ቀድተው የሚሰጡ በየዓመቱ አይጠፉም። በሕግ ትምህርት ቤት የተጀመረው የሎው ሙቭመንት የሚባለው የሴቶች እንቅስቃሴ ደግሞ በፍቅረኞች ቀን አበባ እየሸጠ፣ በሚያገኘው ገንዘብ የገንዘብ አቅም የሌላቸውን ሴት ተማሪዎች ይደግፋል። በዚያ ሽያጭ ትምህርቷን ሳታቋርጥ የቀረች አንዲት ተማሪ እንኳ ብትኖር፣ ከብዙ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይበልጣል።

አሁን አዲስ ምዕራፍ ተከፍቷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ላይ ሲጠብቅ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆነ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን ይቀበላል። ማስታወቂያው ከሰሌዳ ወደ ቴሌግራም ተዛውሯል። ወሬው ፈጥኗል፤ ተማሪው ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አርሞ የሚያሳትመው ጋዜጣ ግን ቦታው ባዶ ነው።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲው አመራር የምለው አለኝ። ራስ ገዝነት ገቢ ማሳደጊያ ብቻ እንዳይሆን ለድሃ ልጅ የሚሆን ቋሚ የድጋፍ ፈንድ ከክፍያው ላይ ይመደብ። የወጪ መጋራት ውሉ ከመፈረሙ በፊት በተማሪው ቋንቋ ይብራራለት። የተማሪው ጋዜጣም በተማሪው አዘጋጅነት ይመለስ። በዚህ ግቢ በነጻ ተምራችሁ ዛሬ በአዲስ አበባም በዋሺንግተንም ጥሩ ኑሮ የምትኖሩ ሁሉ፣ ፈንዱ እስኪቋቋም አትጠብቁ፤ ወደ ቀድሞ ትምህርት ክፍላችሁ ደውላችሁ አንድ ተማሪ ጠይቁና የአንድ ዓመት ወጪውን ሸፍኑለት።