የወለደችና የተቀበለ፦ ለሁለቱ እኩል ለመክፈል ብሪታንያ ለምን ዘገየች?

ልጅ ቤት ሲገባ ወላጅ ከሥራ መቅረቱ አይቀርም። ጭቅጭቁ የሚመጣው «በዚያ ጊዜ ማን ይክፈለው? ስንት ይከፈለው?» ሲባል ነው። የብሪታንያን ሕግ ወደ ኋላ ሄደን ብናይ፣ ለወለደችው የሰጠውን መልስ በጉዲፈቻ ለተቀበለው ለመስጠት ምን ያህል እንዳመነታ እንረዳለን።

እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣው የብሔራዊ መድን ሕግ ለወሊድ 30 ሺሊንግ ፈቀደ። መድን የገባው ባል ከሆነ ግን ገንዘቡ የሚሰጠው ለእሱ ነበር። ሴቶች ተሟግተው በ1913 ሕጉ ተሻሻለና ገንዘቡ የእናትየዋ ሆነ። ከአሠሪ የሚገኝ የወሊድ ክፍያ የመጣው በ1977 ነው፤ እሱም ለስድስት ሳምንት ብቻ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ላገለገለች ሠራተኛ። ዛሬ የሚታወቀው የወሊድ ክፍያ ሥርዓት በ1987 ተተካ።

ጉዲፈቻስ? በእንግሊዝና በዌልስ ጉዲፈቻ በሕግ የታወቀው በ1926 ነው። በጉዲፈቻ ልጅ የተቀበለ ሠራተኛ በሕግ ክፍያ ያገኘው ግን በ2003 ነው። 77 ዓመት!

ያም ሆኖ እኩል አልነበረም። በ2003 የወለደች ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከደመወዟ 90 በመቶ፣ ከዚያ በሳምንት እስከ 100 ፓውንድ ታገኝ ነበር። በጉዲፈቻ የተቀበለው ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከ100 ፓውንድ በላይ አያገኝም። እስቲ እናስላው፦ በሳምንት 500 ፓውንድ የምታገኝ ሴት ብትወልድ በስድስቱ ሳምንት 2,700 ፓውንድ፣ ልጅ በጉዲፈቻ ብትቀበል 600 ፓውንድ። ልዩነቱ 2,100 ፓውንድ ነው። ይህ የተስተካከለው ሚያዝያ 2015 ላይ ነው። አሁን ሁለቱም ለስድስት ሳምንት 90 በመቶ፣ ቀጥሎ ለ33 ሳምንት በሕግ የተወሰነውን መጠን ያገኛሉ።

ለምን ዘገየ? የወሊድ ክፍያ ሲጀመር የታሰበው ለእናትየዋ አካል ነበር፦ ታርሳ እንድትነሳ፣ ጤናዋ እንዲመለስ። በዚህ ሚዛን ያልወለደ ሰው ምን ጎደለበት? ነገር ግን የክፍያው ጊዜ ወደ 39 ሳምንት ሲረዝም ምክንያቱም ተለወጠ። 39 ሳምንት ለአራስነት ብቻ አይደለም፤ ልጅና ወላጅ እንዲላመዱ ነው። በጉዲፈቻ የሚመጣ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ መለያየትን አይቶ የመጣ ስለሆነ ይህን ጊዜ ይበልጥ ይፈልገዋል።

ክፍተቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በግል ሥራ የምትተዳደር እናት ብትወልድ ከመንግሥት የወሊድ አበል ታገኛለች፤ በጉዲፈቻ ብትቀበል ግን ተመሳሳይ አበል በሕግ አልተደነገገላትም።

ወደ እኛም እንምጣ። ጉዲፈቻ ለኛ ባዕድ አይደለም፤ ቃሉም ሥርዓቱም የአገር ቤት ነው። በ2010 ዓ.ም. ልጆቻችን ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ በሕግ ተከለከለ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ልጆቹን እዚሁ እኛው እናሳድግ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ፈቀደ። ትልቅ እርምጃ ነው። በጉዲፈቻ ልጅ ለሚቀበል ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ የለውም።

«ልጆቹን እዚሁ አሳድጉ» ያለ አገር፣ ለሚያሳድገው ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሊሰጠው አይገባም? ብሪታንያ 77 ዓመት ፈጀባት። እኛ ያን ያህል መጠበቅ የለብንም።